117 ለ117፦ ኢላይ ማኒንግ የዝና አዳራሽ ይገባዋል ወይ?

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ። 117 እና 117።]

አንድ ኳርተርባክ በመደበኛው ውድድር 234 ጊዜ በቋሚነት ተሰለፈ። 117 አሸነፈ፣ 117 ተሸነፈ። አስቦበት ቢጫወት እንኳ እንዲህ ልክክ አይልለትም።

ሰውዬው ኢላይ ማኒንግ ነው። ከ2004 እስከ 2019 ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ብቻ ተጫወተ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

የአሜሪካ ፉትቦል ለማታዩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ከመሀል ተቀብሎ፣ ለማን እንደሚወረውር በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ የሚወስን ተጫዋች ነው። ያኔ ደግሞ መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየሮጡበት ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ምስጋናው የሱ፣ ሲሸነፍ ስድቡም የሱ።

[ምስል፦ የነሐስ የፊት ቅርጾች በመደዳ ቆመው።]

የፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ያለው በኦሃዮ ግዛት፣ ካንተን ከተማ ነው። የተከፈተው በ1963 ነው። የገባ ሰው ፊቱ በነሐስ ተቀርጾ እዚያ ይቀመጣል። ለመታጨት ጫማ ከሰቀሉ በኋላ አምስት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። ከዚያ 50 መራጮች ይሰበሰባሉ፤ ከመቶ 80 ድምፅ ያላገኘ አይገባም። መራጮቹ እንዲያዩ የሚፈቀድላቸው ሜዳ ላይ የተሠራውን ብቻ ነው። ጥሩ ሰው መሆን ነጥብ አያስገኝም። ኢላይ በ2016 የዋልተር ፔይተን የዓመቱ ሰው ሽልማትን ከላሪ ፊትዝጄራልድ ጋር ቢካፈልም፣ እዚህ አይቆጠርለትም።

በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ የመመረጥ ዕድል አገኘ። ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ተርታ ደረሰ፣ አልገባም። ታላቅ ወንድሙ ፔይተን ግን በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2021፣ ሰተት ብሎ ነው የገባው።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ብዙ ሰው ያንን 117 ለ117 ነው የሚጠቅሰው። እኔ ይሄን እንደ ክስ አልቆጥረውም። የቡድን ውጤት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይጫንም። ደግሞም ኳርተርባኩ ጆ ኔመዝ በ1985 የገባው 62 አሸንፎ፣ 63 ተሸንፎ፣ 4 አቻ ወጥቶ ነው። የሱን ነሐስ ከመደርደሪያው ያውርዱልን ያለ ሰው አልሰማሁም።

የሚከብደው ክስ ሌላ ነው። ኢላይ 366 የታችዳውን ኳስ ወረወረ፣ ታችዳውን ማለት ኳሱ የተጋጣሚ ጫፍ ክልል ሲገባ የሚቆጠር ነጥብ ነው፤ 244 ጊዜ ደግሞ ኳሱ ተጋጣሚ እጅ ገባ። ኢንተርሴፕሽን የሚባለው ይሄ ነው። በ2013 ብቻ 27 ጊዜ! በ16 ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ ቀዳሚ ኳርተርባክ ተብሎ አልተመረጠም። በጥሎ ማለፍ 8 ጊዜ አሸንፏል፣ እነዚያ ስምንቱ ግን በሙሉ በሁለት የውድድር ዘመን የተገኙ ናቸው። አራቱ በ2007፣ አራቱ በ2011። በሌሎቹ ዓመታት አራት ጊዜ ጥሎ ማለፍ ገባ፣ አራቱንም ተሸንፎ ወጣ።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ እነዚያ ሁለት ዓመታት ይወስደናል። ሌላ መንገድ የለውም።

[ምስል፦ ፌብሩዋሪ 2008፣ ግሌንዴል፣ አሪዞና። አዲስ አበባ ላይ ሌሊት ነው።]

ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ 18 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ የሆነው ሱፐር ቦውል ደርሷል። ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ፣ አሰልጣኙ ቢል ቤሊቺክ ነው። ጃያንትስ 14 ለ10 እየተመራ ነው፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው። ኢላይ የወረወረው ኳስ በተከላካዩ አሳንቴ ሳሙኤል እጆች መሀል አልፎ ወጣ። ቢይዘው ኖሮ ጨዋታው ያኔ ያበቃ ነበር፣ ይሄ ቪዲዮም አይኖርም ነበር።

ቀጣዩን ኳስ ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ማሊያውን ጨምድደው ይዘውታል። እንደምንም አመለጠና ወደ መሀል ሜዳ ለቀቀው። ዴቪድ ታይሪ ዘሎ ኳሱን በአንድ እጁ ከራሱ ሄልሜት ጋር አጣብቆ ወደቀ። 32 ያርድ፣ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያጥራል። ታይሪ በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር የያዘው አራት ኳስ ብቻ ነበር፤ ከዚያች ምሽት በኋላም በሊጉ አንድ ኳስ አልያዘም። ሊጠናቀቅ 35 ሰከንድ ሲቀረው ፕላክሲኮ በረስ ታችዳውን አስቆጠረ። 17 ለ14።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ኳስ ብቻ ከሆነ ድምፄን አልሰጥም። ማምለጡ የሱ ችሎታ ነው፣ የተረፈው ግን ዕድል ነው። ብሬዲን አምስት ጊዜ መሬት ላይ ያስተኛውም የጃያንትስ ተከላካይ መስመር ነው።

እኔን ያሳመነኝ ሌላ ኳስ ነው።

[ምስል፦ ፌብሩዋሪ 2012፣ ኢንዲያናፖሊስ። ካሜራው በግራ መስመር ላይ ዝግ ይላል።]

አራት ዓመት አልፏል። ተጋጣሚው ያው ፓትሪየትስ፣ ሜዳው ደግሞ ወንድሙ ሲነግሥበት የኖረው ስታዲየም። ፓትሪየትስ 17 ለ15 ይመራል፣ ኢላይ ከኋላ ነው። 3 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ቀርቷል። ኳሱ ያለው ከራሱ ግብ መስመር 12 ያርድ ላይ፣ ጀርባው ግድግዳ ጋ ነው ማለት ይቻላል። ቤሊቺክ ተከላካዮቹን ሌሎቹን ያዙ፣ ወደ ማሪዮ ማኒንግሃም እንዲወረውር አስገድዱት ብሏቸዋል። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ማኒንግሃም ዋናው አደጋ አልነበረም።

ኢላይ ወደዚያው ወረወረው። ሩቅ፣ በግራ መስመሩ ላይ። አንድ ተከላካይ ከኋላ፣ አንዱ ከመሀል እየበረረ ይመጣል። ኳሱ ትንሽ ቢያጥር ይነጠቃል፣ ትንሽ ቢረዝም ውጭ ይወጣል። በማኒንግሃም ትከሻ በኩል መጥቶ እጁ ላይ አረፈ። ሁለቱ እግሮቹ መስመሩ ውስጥ ቧ ቧ ብለው ተከሉ፣ ከዚያ ተገፍትሮ ወጣ። 38 ያርድ። ቤሊቺክ አላመነም፣ ይታይልኝ አለ። ታየ፣ ጸና። እዚህ ውስጥ ሄልሜት የለም፣ ዕድል የለም። ጃያንትስ 21 ለ17 አሸነፈ፣ ኢላይም ለሁለተኛ ጊዜ የሱፐር ቦውል ኮከብ ተባለ።

ይሄን ሽልማት ከአንድ ጊዜ በላይ ያገኙት ብሬዲ፣ ሞንታና፣ ማሆምስ፣ ባርት ስታር፣ ቴሪ ብራድሾ እና እሱ ናቸው። ሞንታና፣ ስታርና ብራድሾ ካንተን ገብተዋል።

አንድ የሚረብሸኝ ሰው ግን አለ። ኳርተርባኩ ጂም ፕለንኬት። እሱም ሁለት ሱፐር ቦውል አሸንፏል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን የለም። ሪከርዱን ስታዩት ትገረማላችሁ፦ 72 ለ72። ሁለት የሻምፒዮንነት ቀለበት ብቻውን በቂ ቢሆን ፕለንኬት ድሮ ገብቶ ነበር። ልዩነቱ ያለው በቀረው ላይ ነው፦ ኢላይ 57,023 ያርድ ወረወረ፣ 210 ጨዋታ በተከታታይ ሳይቀር ተሰለፈ። የፕለንኬት ቁጥር እዚያ አይደርስም። ለፕለንኬት ያዝናል ሆዴ፣ ግን ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ አላስቀምጣቸውም።

ስለዚህ ድምፅ ቢኖረኝ አስገባው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ግን አይደለም፤ ትንሽ ደጅ መጥናቱ አልከፋኝም።

[ምስል፦ ዲሴምበር 15፣ 2019። የጃያንትስ ሜዳ።]

የመጨረሻ ጨዋታው ከማያሚ ዶልፊንስ ጋር ነበር። ሲገባ ሪከርዱ 116 ለ117 ነው። ሁለት ታችዳውን ወረወረ። ሦስት ጊዜ ደግሞ ኳሱን ለተጋጣሚ አስረከበ። ቡድኑ 36 ለ20 አሸነፈ። ጨዋታው ሳያልቅ አሰልጣኙ አስወጣው፣ ሕዝቡም ብድግ ብሎ ስሙን እየጠራ አጨበጨበለት።