የፍላጻ ዘንግ፦ ከእንጨት ምርጫ እስከ ከሰል ፍም

አዘጋጅ፦ ከፒያሳ በምናስተላልፈው በዛሬው ዝግጅታችን ከተፈጥሮ እንጨት በእጅ ስለሚሠራ የፍላጻ ዘንግ እንወያያለን። ጋሼ፣ ብዙ ሰዎች ሥራውን የሚጀምሩት ቀጥ ያለ እንጨት በመፈለግ ነው፤ እርስዎ ግን በዚህ አይስማሙም።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ አልስማማም፤ ጠማማውን እሳት ያቀናዋል፣ ልሉን የሚያጠነክር እሳት ግን የለም። ፍላጻ ከአውታሩ ሲለቀቅ እየጎበጠና እየተቃና የቀስቱን ጎን ዞሮ ስለሚያልፍ፣ ጥንካሬው ከቀስቱ ጉልበት ጋር ካልተመጣጠነ የተኳሹ እጅ ምንም ያህል ቢረጋ ወደ ጎን ይስታል።

አዘጋጅ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰው ታዲያ ምን እንጨት ይፈልግ?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ እኔ የማስቀድመው ሽመልን ነው፤ የቆላው ሽመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ባዶ ሳይሆን ውስጡ ድፍን ነው። ክትክታም ጠንካራ ነው፣ ክብደቱ ግን ፍላጻውን ያዘገየዋል። ከእንጦጦ በሸክም የሚወርደው ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ ጉቶ የሚያወጣው ቀንበጥ ቀጥ ማለቱ ዓይን ይስባል፤ ሲደርቅ ግን መሰንጠቅና መጠምዘዝ ልማዱ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም። ከየትኛውም ዛፍ ቢሆን፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ መቁረጥ አይገባም።

አዘጋጅ፦ ከተቆረጠ በኋላስ?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለውን፣ ከሚፈለገው ርዝመት አንድ ስንዝር ያህል አስረዝሞ በበጋ መቁረጥ ይሻላል። ልጡ ሳይላጥ ጫፎቹን ሰም መቀባት፣ ከዚያም ዘንጎቹን አንድ ላይ ጥብቅ አድርጎ አስሮ ጥላ ውስጥ ለወራት ማቆየት ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ እርጥብ እንጨት ይሰነጠቃል። መድረቁን ለማወቅ አንዱን በወጥ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ መመዘን ነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ደርቋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘውና ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረው ሰው በኮሮጆው 14 ፍላጻ ይዞ ነበር፤ ተሠርተው ያለቁት ግን ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እርሱም ጥሬ ዘንግ ማከማቸትን ያውቅበት ነበር ማለት ነው።

አዘጋጅ፦ ማቃናቱን ቀስ ብለው ቢያስረዱን።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ልጡ ከተላጠ በኋላ የጎበጠውን ቦታ ጥቂት ቅባት ቀብተሽ፣ ነበልባል በሌለው የከሰል ፍም ላይ ከፍ አድርገሽ እያገላበጥሽ ታሞቂዋለሽ። እንጨቱ መጥቆር የለበትም፤ በጨርቅ ካልሆነ በእጅ የማይያዝ እስኪሆን መጋሉ ይበቃል። ከዚያ በአውራ ጣትሽ ደግፈሽ ከቀጥታው ትንሽ አሳልፈሽ ወደ ተቃራኒው ትገፊውና እስኪበርድ ሳትለቂው ትይዣለሽ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ በትኩሱ የተለቀቀ ዘንግ ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል።

አዘጋጅ፦ ጥንካሬውስ በምን ይለካል?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ዘንጉን 66 ሴንቲሜትር በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አስተኝተሽ መሐሉ ላይ 900 ግራም ያህል ታንጠለጥያለሽ፤ ምን ያህል ሚሊሜትር እንደጎበጠም ትመዘግቢያለሽ። ተቀራራቢ ልኬት ያላቸው አንድ ስብስብ ይሆናሉ፤ በጣም የጠነከረውን ደግሞ እየፋቁ ማላላት ይቻላል።

አዘጋጅ፦ ከመተኮሱ በፊት የሚቀር ነገር አለ?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ሁልጊዜ አለ። ዘንጉን በሁለት እጅ ይዞ፣ ፊትን አርቆ በየአቅጣጫው በዝግታ ማጉበጥና ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል። ስንጥቅ ካለው ወይም ሲጢጥ ካለ ሰብሮ መጣል ነው፤ እንዲህ ያለው ዘንግ ሲለቀቅ ተሰብሮ ቀስቱን የያዘውን እጅ ሊወጋ ይችላል።