ትንፋሹን እንቁጠር

(ምስል፦ ጨለማ ክፍል። አንዲት እናት አልጋ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች።)

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጁ ያስለዋል። ቁና ቁና የሚተነፍስ ይመስላል። አያት «ምች መትቶት ነው፤ ዳማከሴ እሹለት» ይላሉ። አባት «እስኪነጋ እንየው» ይላል። ሁሉም ይገምታል፤ የሚቆጥር ግን የለም።

ስልኩ ደግሞ ትራስ ስር ነው።

(ምስል፦ የስልክ ታይመር፣ 1 ደቂቃ ላይ ተሞልቶ።)

ሳንባ ምች ከዳማከሴው ምች ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። የሳንባ ኢንፌክሽን ነው፤ አንዱ ምልክቱም ፈጣን ትንፋሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ከ740 ሺህ በላይ ሕፃናትን ገድሏል። ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሚያስል ልጅ ሲመጣላት ልብሱን ገለጥ አድርጋ ትንፋሹን ትቆጥራለች። አንድ ደቂቃ ሙሉ። ይህንን እናንተም ትችላላችሁ።

ታይመሩን 1 ደቂቃ ላይ ሙሉት። ስቶፕዎች አይደለም፣ ታይመር። ለምን? ሲያልቅ ይጮሃላ! ዓይናችሁ ከልጁ ሆድ መነሳት የለበትም። ሰዓት እያየ የሚቆጥር ሰው መሃል ላይ ትንፋሽ ያመልጠዋል። ቁልፍ ስልካችሁ ታይመር ከሌለው አንዱ ሰዓቱን ይያዝ፣ ሌላው ይቁጠር።

(ምስል፦ የሕፃን ሆድ፣ ከፍ ዝቅ ሲል። ቁጥሩ በስክሪኑ ጥግ ይሄዳል።)

ሆዱ ወይም ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ በሉ። ሲወርድ አይቆጠርም። እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከሆነ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያጓጓል፤ ተዉት። የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይዘገያል።

አሁን ቁጥሩ። ይቺን ስክሪንሹት አድርጓት።

(ጽሑፍ በስክሪን፦ ከ2 ወር በታች፣ 60 እና ከዚያ በላይ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት፣ 50 እና ከዚያ በላይ። ከ1 እስከ 5 ዓመት፣ 40 እና ከዚያ በላይ።)

ቁጥሩ እዚህ ከደረሰ ልጁ በፍጥነት እየተነፈሰ ነው፤ ዛሬውኑ ይታይ። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ ከታመመ ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ባለሙያ ይየው።

ቁጥሩ ደህና ሆኖም ልጁ ደህና ላይሆን ይችላል። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ዝልፍልፍ ካለ ወይም አልነቃ ካለ፣ ታይመሩን ጣሉትና ውጡ።

(ምስል፦ ስልክ ልጁን ቪዲዮ ሲቀርጽ።)

ስልኩ ሌላም ሥራ አለው። ቤት ሲያስጨንቀን ያደረ ልጅ ሐኪም ፊት ሲስቅ ያላጋጠመው ወላጅ እጁን ያውጣ! ስለዚህ ሌላ ሰው ካለ አተነፋፈሱን ይቅረጽ፤ ካንዘፈዘፈውም እንዲሁ። «እንዲህ እንዲህ ሲያደርገው ነበር» ከማለት ማሳየት ይሻላል። አሜሪካ ላለችው ነርስ አክስት በቴሌግራም መላክም ክፋት የለውም። መልሷን እየጠበቃችሁ ግን እንዳትቀመጡ። እሷ ያለችው ባሕር ማዶ ነው፤ ጤና ጣቢያው ሰፈር።

«ቆጥሮ የሚነግር አፕ የለም ወይ?» ለምትሉ፣ ትንፋሽ በታየ ቁጥር ስክሪኑን ጠቅ የምታደርጉባቸው አሉ። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ደግሞ ነርሶች ልጁን የሚመረምሩት ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል በሚያወጣ ታብሌት ነው። ጥሩ ነገር ነው። ለዛሬ ሌሊት ግን ታይመሩ ይበቃናል።

(ምስል፦ ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመልሰን። እናት የልጁን ልብስ ገልጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ታይመሩ ይጮሃል።)

«ሃምሳ አራት።»

ልጁ ዘጠኝ ወሩ ነው።

(ምስል፦ አባት ተነስቶ ጋቢውን ይለብሳል። አያት የልጁን ኮፍያ ይፈልጋሉ። በሩ ይከፈታል።)