ዘቢደር ፊቷን ነሳችን

እሺ፣ እየቀዳሁ ነው። መብራት የለም፤ ከስልኬ ነው የምቀዳው። ከኋላ ድድድ የሚለው የጎረቤት ጄኔሬተር ነው፤ ታገሡኝ። ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ዘንቦ አሁን ነው ያባራው።

ለአዲሶቻችሁ፦ ዘቢደር እየሠራሁት ያለው ጌም ጀግና ናት። "ዘቢደር ጣናን ተሻገረች ወይ?" ብላችሁ የጻፋችሁልኝን ሁሉ አንብቤያለሁ። አልተሻገረችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የታብሌቱን እስክሪብቶ አላነሳሁም። ዛሬ ስለ ጌሙ ከዋክብት ቀለም ላወራችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። እሱን ሳልናገር ሌላ ወሬ ብጀምር ውሸት ይሆንብኛል።

ዘጌ ሄጄ ነበር። ሠዓሊው አጎቴ ዘንድ።

ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። አጎቴ ድንገት "እስቲ ያንን ሥራሽን አሳዪኝ" አሉኝ። እንዲሁ፣ ከመሬት ተነስተው። ይህችን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅኳት እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ አምጥቼ ማሳየት አልፈለግኩም ነበር። እሳቸው እንዲጠይቁኝ ነበር የምፈልገው።

ታብሌቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ግራውንም ቀኙንም። ከዚያ ሥዕል እንደሚቀበሉት በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ዘቢደር ታንኳዋ ላይ ቆማለች። መቅዘፊያዋን ይዛ ወደ ቀኝ ታያለች። ከኋላዋ ጥቁር ሰማይ ነው። ብዙ ጊዜ አዩት። አውራ ጣታቸው ስክሪኑን ነካውና ሥዕሉ ተለጠጠ። አንዷ ዓይኗ ብቻ ስክሪኑን ሞላችው። አልደነገጡም፤ እዚያው ላይ ቆዩ። የዓይኗ ዳር ላይ የጨመርኳትን ሰማያዊ መስመር በጥፍራቸው ተከተሏት።

"ይቺ ሴት ምን አድርጋ ነው?" አሉኝ።

"እንዴት ማለት?"

"አንድ ዓይን ነው የሣልሽላት። ማንን ሸጣ ነው?"

"ኧረ አጎቴ! ጀግናዋ እኮ ናት።"

"ጀግና ከሆነች ለምን ፊቷን ነሳችን?"

እዚያው ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባችሁ ታስታውሳላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ቅኔ ማኅሌቱን አልፋችሁ ስትዘልቁ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ጨርቁ ላይ ተሥሎ፣ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ። ጻድቃኑ በሙሉ ፊታቸው ወደ እናንተ ነው፤ ሁለት ዓይን አላቸው። ክፉዎቹ በጎን ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ። ይሁዳ በጎን ነው። ሰቃዮቹ በጎን ናቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ገና ከበሩ ላይ ማን ማን እንደሆነ ይለያል።

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አጎቴ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ! ስድስት ዓመት ሙሉ ዘቢደርን በጎን ስሥላት አንድም ቀን ትዝ አለማለቱ ነው የሚገርመኝ። ጌሙ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። የምትሄድ ሴት ወደምትሄድበት ታያለች። በቃ፣ ከዚህ ሌላ አላሰብኩም።

ለመለስኩላቸው መልስ ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

የጌሙን ጀግና ማሪዮን ውሰዱት። ማሪዮም እንዲሁ በጎን ነው። ጃፓናዊው የጌም ሠሪ ሺጌሩ ሚያሞቶ በፈረንጆቹ 1981 ዶንኪ ኮንግ ለሚባለው ጌም ሲያወጣው የነበሩት የስክሪን ነጥቦች በጣም ጥቂት ናቸው። በእነዚያ ነጥቦች አፍ መሣል ከባድ ነው፤ ስለዚህ ጢም ሰጠው። ፀጉርም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ኮፍያ አደረገለት። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ፊት ከቦታ ጥበት የመጣ ነው። በ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ላይ ደግሞ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ናቸው። ነጭ ሲሆን ሰማይ ላይ ደመና ነው፤ አረንጓዴ ሲሆን መሬት ላይ ቁጥቋጦ ነው። ይህን መጀመሪያ ያወቅኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁንም ሳስበው ልቤ ይሞቃል። በትንሽ ነገር ብዙ መናገር ማለት ይህ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ዓይን ቀንሶ አንድ ሙሉ ታሪክ ይነግርሃል።

እዚያ ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ልነግራቸው እችል ነበር። በቡና ላይ። ጊዜ ነበረን።

የስታር ዋርስ ፊልሙን ክፉ ሰው፣ ዳርት ቬደርንም ልነግራቸው እችል ነበር። የዚያን ፊልም ዓለም በሥዕል ካወጡት አንዱ ራልፍ ማኳሪ ይባላል። ፊልሙ በ1977 ከመውጣቱ በፊት ነው የሣለው። ታሪኩ ላይ ቬደር ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው ይሻገራል። ማኳሪ አሰበበት፦ እዚያ መሃል አየር የለም፤ ይህ ሰውዬ በምን ይተነፍሳል? መተንፈሻ ጭምብል ሣለለት። አንድ ሠዓሊ የጠየቀው አንድ ተራ ጥያቄ ነው ያንን ሁሉ ያመጣው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ቬደር ዓይኑ አይታይም። አንድም የለውም። በ1983ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ፣ ከክፋቱ ሲመለስ፣ ልጁ ጭምብሉን ሲያወልቅለት ነው ፊቱን የምናየው። ከፊት ለፊት፣ ሁለቱንም ዓይኖች።

ፊልሙን የሠሩት ሰዎች የዘጌን ግድግዳ ያዩት አይመስለኝም። ግን አጎቴ ያንን ቢያዩ "ልክ ነው" ይሉ ነበር። እርግጠኛ ነኝ። ማለቴ... ይመስለኛል።

እና እኔ ምን አልኳቸው?

"ተዉት አጎቴ፣ ዝም ብሎ ጌም እኮ ነው።"

ዝም ብሎ። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ ማይክ ፊት ስንት ጊዜ "ጌም ሥራ ነው፣ ጌም ሥዕል ነው፣ ማንም ዝም ብሎ ነው እንዲላችሁ አትፍቀዱ" ብያችኋለሁ? እናቴ ስትለኝ አኩርፌ እራቴን ትቼ ተነስቻለሁ። አንድ ጊዜ ሥራ የሰጠኝ ሰው ሲለኝ ሥራውን መልሼለታለሁ። እሳቸው ግን አላሉኝም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊት ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የኔን ፊት አይተው የመቅደስ ሥዕል የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ። ስጠብቀው የኖርኩት እኮ ይኼው ነበር። ሲመጣ ሸሸሁ።

"እንዲያ ከሆነ እሺ" አሉኝ። ታብሌቱን በአንድ እጃቸው መለሱልኝ። በአንድ እጃቸው። ከዚያ ስለ ቡናው ፍሬ አወሩልኝ፤ ዘንድሮ እንዴት እንደያዘ።

መልሼ መላልሼ የማየው ያንን ነው። ሲቀበሉኝ ሁለት እጅ። ሲመልሱልኝ አንድ እጅ። ምናልባት በሌላው እጃቸው ሲኒ ይዘው ይሆናል። ሲኒ ይዘው ነበር? ሲኒው ረከቦቱ ላይ ነበር መሰለኝ። አላስታውስም።

ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ከፕሌይስቴሽን ቤት ሊያወጡኝ መጥተው ነበር። ኳስ ነው የሚጫወቱት፣ ተሸናፊ ይከፍላል። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ብዙ ጊዜ ጆይስቲኩን አልይዝም ነበር፤ ከኋላ ቆሜ የተጫዋቾቹን ሩጫ ደብተሬ ላይ እሥል ነበር። አጎቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡ። ሊቆጡ ነው ብዬ ደርቄ ቀረሁ። እሳቸው ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ ደብተሬን አዩ። "ጉልበቱ አልታጠፈም" አሉኝ። ከዚያ ጨዋታው እስኪያልቅ አብረውኝ ቆሙ። ያኔም የጠየቁኝ እንዲህ ነበር፤ እንደ ሠዓሊ።

ወጣ አልኩ አይደል? እሺ።

ከተመለስኩ በኋላ ዘቢደርን ላዞራት ሞከርኩ። ፊቷን ወደኛ አድርጌ አስኬድኳት። አልሆነም። ወደ ቀኝ እየሄደች እኛን ስታይ እንደ ሸርጣን ትሆናለች። የሚጫወተው ሰውም ወዴት እንደምትሄድ ግራ ይገባዋል። ከፊቷ ድንጋይ ቢመጣ አታየውም።

ከዚያ ዱም የሚባለው ጌም ትዝ አለኝ። የ1993ቱ። እዚያ ላይ ጀግናውን አታዩትም፤ በእሱ ዓይን ነው የምታዩት። ግን ከስክሪኑ ሥር መሃል ላይ ፊቱ አለ። ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይን። ግራ ቀኝ ያያል። ሲጎዳ ፊቱ ይደማል። ጥሩ መላ ነው ብዬ የዘቢደርን ፊት ከታች በኩል በትንሽ ክብ አስቀመጥኩት። ተጫወትኩት። አንድ ቦታ ላይ ተሳሳትኩና ታንኳዋን ከድንጋዩ ጋር አላተምኩባት። ዘቢደር ከታች ሆና ታየኛለች። እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። ሰው ዓይንሽን እያየ ልትጎጂው... አይ። አጠፋሁት።

አባባ ተስፋዬ እንዴት ያዩን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ቴሌቪዥን ማለት አንድ ጣቢያ በነበረበት ጊዜ። ከፊት ለፊት ነበሩ፣ ቀጥ ብለው እኛን። ሰላም ሲሉን ቤቱ ውስጥ ያለን ልጆች ሁሉ እንመልስ ነበር፤ ጮክ ብለን። ስክሪኑ እንደማይሰማ እናውቃለን። ግን ያየሽን ሰው ዝም አትዪም። ምናልባት አጎቴ የሚሉት ይህንን ነው። የመቅደሱ ጻድቃን ያዩሻል፤ አንቺም መልስ አለብሽ። በጎን ያለው ሰው ምንም አይጠይቅሽም። እንደዚያ ከሆነ እኔ ስድስት ዓመት የሣልኳት ሴት ከማንም ምንም የማትጠይቅ ናት።

ወይም እንደዚያ አይደለም። ምክንያቱም የሚጫወተው ሰው እኮ ራሱ ዘቢደርን ነው የሚሆነው። አብሯት ነው የሚያየው። አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ታንኳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች እንዲያ ናቸው። ይህንንስ ለምን አላልኳቸውም?

ትናንት ማታ ሌላ ነገር መጣልኝ። ሶኒክ፣ የጌሙ ሯጭ። 1991። እሱም በጎን ነው የሚሮጠው። ግን ጆይስቲኩን ለቃችሁ ዝም ካላችሁት ዞር ይላል። ወደ እናንተ ያይና በእግሩ መሬቱን ይመታል። ሲሮጥ የራሱ ሥራ ላይ ነው፤ ስትተዉት ነው ፊቱን የሚሰጣችሁ።

የዘቢደር ታንኳ የደንገል ናት። ደንገል ውኃ ይጠጣል። የጣና ሰው ታንኳውን ሲመለስ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ካላደረቀው ይከብድበታል። የዘቢደር ታንኳ ደግሞ ጨለማውን ትጠጣለች። ስትከብድ አንድ ኮከብ ፈልጋ ታስጠጋታለች። እስክትደርቅ ድረስ ምንም የሚደረግ ነገር የለም፤ ትጠብቃላችሁ። "ይህ ጥበቃ ይሰለቻል፣ አውጪው" ብላችሁኝ ነበር፤ እንቢ ብዬ ተከራክሬያችኋለሁ። ለምን እንደተከራከርኩ አሁን ነው የገባኝ መሰለኝ። እዚያ ላይ ናት የምትዞረው። ታንኳዋ ስትደርቅ፣ መቅዘፊያዋ ጭኗ ላይ ሆኖ፣ ኮከቡ ከኋላዋ ሆኖ፣ ቀስ ብላ ትዞራለች። ሁለት ዓይን።

ሌሊቱን ሣልኳት። መብራት ነበር ደግሞ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። መዞሯ ስምንት ሥዕል ወሰደብኝ፤ መዞሯ ያምራል። እውነቴን ነው፣ ሲያምር! ነጠላዋ ከትከሻዋ ዘግይቶ ነው የሚከተላት።

ችግሩ የመጨረሻው ሥዕል ነው። የሶኒክ ፊት "ምን ትጠብቃለህ፣ እንሂድ" ነው የሚለው። የዘቢደር እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም። የመቅደሱ ዓይኖች የሚያዩትን አስተያየት ነበር የፈለግኩት፤ ሰፊ፣ የማይቸኩል። አጎቴ እንዴት እንደሚያደርጉት አይቻለሁ። ብሌኑን መሃል ላይ አያደርጉትም፣ ትንሽ ወደ ጎን ይገፉታል። እንደዚያ አደረግኩ።

አራት ጊዜ ሣልኩት። አራቱም ላይ የተቀየመች ትመስላለች። ቅያሜ አልሣልኩም። ቅንድቡ ነው ብዬ ቅንድቡን ቀየርኩ። አፏን ለሰስ አደረግኩት። ብሌኑን መለስኩት። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ አየኋት፤ እንደዚያው ናት። ቅዳሜ ጀልባ ካለ ይዣት ልሻገር አስቤያለሁ። ግን እንዲህ ሆና... በዚህ ፊቷ ይዣት ሄጄ፣ እሳቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቢያይዋት...