ሜይዳን ፓዶክ ላይ ፈረስ ስናይ ምን እያየን ነው?

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። ኮሚቴው አስራ አምስት ደቂቃ ሰጥቶኛል፣ ንግግሩን ስልኬ ላይ ጽፌው ነው የመጣሁት፣ አንዳንዴ መስመር ከጠፋብኝ ታገሱኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ሜይዳን፣ የዱባዩ የፈረስ ሩጫ ሜዳ፣ ሄደን ፈረስ እንይ ሲባል ግሩፑ ላይ «ቁማር ሊያስተምረን ነው» ያላችሁ አላችሁ፣ አንብቤ ስቄያለሁ። ሜይዳን ላይ ውርርድ የለም። ያለው ነፃ የግምት ካርድ ነው፣ ስድስት ሰባት ሬስ፣ ያው ሩጫ፣ ላይ ማን እንደሚያሸንፍ ትሞላለህ፣ ከያዘልህ ድርሃም ይሰጡሃል፣ ካልያዘልህ የከሰርከው የእስክሪብቶ ቀለም ነው። ስለዚህ የንስሐ አባት ጋ የሚያስኬድ ነገር የለም።

እኔ ሹፌር ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ፣ የፈረስ ዶክተር አይደለሁም። ግን ያደግኩት እንጅባራ አካባቢ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ፈረስ ማለት በቃ ቤተሰብ ነው። አባቴ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነበር። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው፣ የአድዋ ፈረሶችና ፈረሰኞች ማስታወሻ፣ ጥር 23 ሲደርስ እንጅባራ ሜዳው ሰው አይደለም ጋማ ነው የሚመስለው። እና እኔ ሜይዳን መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት፣ እኔን ስለ ፈረስ ማን ሊያስተምረኝ!

ፓዶክ ላላያችሁ፣ ፓዶክ ማለት ከሬሱ በፊት ፈረሶቹን እየመሩ የሚያዞሩበት ክብ ቦታ ነው። ባለቤቱና ትሬነሩ፣ አሰልጣኙ ማለት ነው፣ መሀል ሳሩ ላይ ይቆማሉ፣ ጆኪዎቹ፣ ጋላቢዎቹ፣ ይመጣሉ፣ ፈረሱ ላይ ይወጣሉ፣ ከዛ ወደ ትራኩ። ተመልካቹ አጥሩ ጋ ቆሞ ያያል። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ግን ለኔ ከሬሱ ይበልጣል፣ ሬሱማ ሁለት ደቂቃ አካባቢ አይደል እንዴ፣ ዓይንህን ስታሽ ያልቃል።

ያን ቀን አንድ ዳማ ፈረስ ገባ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለው፣ ቁርጥ የአባቴን ፈረስ። አንገቱን ቀስት አድርጎ፣ መሬቱን እየነካ እየተወ፣ በጎን በጎን እየጨፈረ፣ ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ይዘውት። አጠገቤ ለነበረው ጓደኛዬ «ይሄ ካላሸነፈ ስሜን ቀይር» አልኩት። ካርዱ ላይም እሱን ሞላሁ። ከኋላው የሚመጣ አንድ ግራጫ ነበር፣ አንገቱን ወደታች ጥሎ፣ ልጓሙ ላላ ብሎ፣ ጠዋት ወፍጮ ቤት የሚሄድ አህያ ነው የሚመስለው፣ ሳቅንበት። ዳማው መጨረሻ ወጣ። ግራጫው አሸነፈ። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ሌላ ስም አውጥቶ ነው የሚጠራኝ፣ እዚህ አልናገረውም።

ቤት ገብቼ ሳስበው የተናደድኩት በፈረሱ አልነበረም። አባቴ ያስተማረኝን ረስቼ መልክ አይቼ ነው የፈረድኩት። አባቴ ገበያ ላይ ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ ሲያበቃ ባለቤቱን «እስቲ ወስደህ መልሰው» ይለዋል። ከዛ ፈረሱን ማየት ትቶ አቧራው ላይ ቁጢጥ ይላል። ዱካ ነው የሚያየው። የኋላ እግሩ ኮቴ የፊተኛውን ዱካ አልፎ ካረፈ ይስማማል፣ ሳይደርስበት ከቀረ ዋጋውንም አይጠይቅም። ዱካውን ካለፈ እርምጃው ሰፊና ልል ነው ማለት ነው፣ ወገቡም አልተያዘም። እኛ ከአጥር ውጪ ሆነን ዱካ አይታየንም፣ ግን እግሩን በዓይን መከተል ይቻላል፣ አንድ ምልክት መሬት ላይ ያዙና የፊት እግሩ የት እንዳረፈ፣ የኋላው የት እንዳለፈ እዩ። ያ ያሳቀን ግራጫ ዱካውን በአንድ ጫማ ነበር የሚያልፈው፣ አይተነው ቢሆን ኖሮ።

ሁለተኛው ላብ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ዱባይ ስለሆነ ፈረስ ያልበዋል፣ አንገቱ ላይ ትንሽ ርጥበት ብታዩ ምንም ማለት አይደለም። የፈረስ ላብ ውስጥ ላተሪን የሚባል ፕሮቲን አለ፣ እንደ ሳሙና ነው፣ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፣ ለዛ ነው ልጓሙ የሚነካው ቦታ ነጭ የሚሆነው። የሚያሳስበው ሌሎቹ ደርቀው እሱ ብቻ ሲንጠባጠብ ነው፣ በተለይ በኋላ እግሮቹ መሀል አረፋው ቆሞ ከታየ። ፈረስ ሲደነግጥም አድሬናሊኑ ያልበዋል፣ ገና ሳይሮጥ ጉልበቱን እዛው እያፈሰሰው ነው። የኔ ዳማ እንደዛ ነበር፣ ታፋው መሀል የልብስ ሳሙና የተደፋበት ነው የሚመስለው፣ እኔ ደግሞ ወኔ ነው ብዬ። ጭፈራው ወኔ አልነበረም፣ ጭንቀት ነበር።

ፀጉሩ ማብራቱን ብዙ አትመኑት። ሜይዳን ማታ ነው የሚሮጠው፣ ያ ሁሉ መብራት በርቶበት የማያበራ ፈረስ የለም፣ ታጥቦ ተቦርሾ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዱ ታፋው ላይ በማበጠሪያ የዳማ ገበታ ሳይቀር ይሰሩበታል። እንግሊዝ አገር እኮ ፈረሱን አሳምሮ ላቀረበው ልጅ ለብቻው ሽልማት አለ፣ ሽልማቱ ግን ለልጁ ነው እንጂ ለሩጫው አይደለም። ይልቅ ሲራመድ የኋላ ታፋው ጡንቻ ተለይቶ መስመር ያወጣል ወይ፣ የመጨረሻዎቹ ጎድኖች በትንሹ ይታያሉ ወይ፣ ሆዱ ተሰብስቧል ወይ፣ እሱን እዩ። ጆሮውንም። ወደፊት ወደኋላ እየዞረ የሚያዳምጥ ጆሮ ጥሩ ነው፣ ወደኋላ ተለጥፎ የቀረ ግን ተናዷል። ድንጉላ ሆኖ ባዝራ አይቶ የሚያሽካካ ካለ ደግሞ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የሚመራውን ልጅም እዩት። አብዛኞቹ ከህንድና ከፓኪስታን የመጡ ናቸው፣ እንደኛው እንጀራ ፍለጋ፣ ፈረሱን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ልጁ ክንዱን ዘና አድርጎ የሚሄድ ከሆነ ፈረሱም ዘና ብሏል፣ ልጁ እየተጎተተ ላብ በላብ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን «አንተ በዚህ እውቀትህ ለምን ሀብታም አልሆንክም» የምትሉኝ አትጠፉም። ሀቁን ልንገራችሁ፣ ትልቁ ነገር ከውጭ አይታይም። በሙሉ ግልቢያ ጊዜ በደቂቃ ከሁለት መቶ በላይ የሚመታው ልብ በፓዶክ አይታይም። በፈረንጅ በ1983 አሜሪካ ኪንላንድ ጨረታ ላይ ስናፊ ዳንሰር የሚባል ውርንጭላ እዚሁ ለዱባዩ ሼኽ መሐመድ በ10.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፣ መልኩም ዘሩም እንከን አይወጣለትም ተብሎ፣ ከዛ አንድም ሬስ ሳይሮጥ ቀረ። በ2006 ደግሞ ግሪን መንኪ የሚባለው 16 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ ሦስት ጊዜ ሮጠ፣ አንዱንም አላሸነፈም። እነዚህን የመረጡት በዓለም ላይ ውድ የሚባሉ ዓይኖች ናቸው። በተቃራኒው በ17,500 ዶላር የተገዛው ሲያትል ስሉ በ1977 ኬንታኪ ደርቢ በሚባለው የአሜሪካ ሬስ ቀን ላብ በላብ ሆኖ ነው የቀረበ፣ እኔ አጥሩ ጋ ብሆን ኖሮ ወዲያው እሰርዘው ነበር፣ እሱ ግን አሸነፈ፣ የአሜሪካን ሦስቱን ትልልቅ ሬሶችም አንድ ሽንፈት ሳይቀምስ ወሰደ።

ታዲያ ላቡን ምን እናድርገው? እኔ አሁን የማደርገው ፈረሱን ከሌላው ፈረስ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ሁሌ የሚያልበው ፈረስ ዛሬም ቢያልበው ዜና አይደለም። ባለፈው ወር እንቅልፋም የነበረው ዛሬ ከጨፈረ ግን አንድ ነገር ተቀይሯል። ጃፓኖች ይሄን በቁጥር ያደርጉታል፣ ከእያንዳንዱ ሬስ በፊት ፈረሱን መዝነው ክብደቱንና ካለፈው ምን ያህል እንደጨመረ ወይ እንደቀነሰ ለሕዝብ ያወጣሉ። እኛ ሚዛን የለንም፣ ደብተር ግን አለን። እኔ ከዛ ቀን ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ፣ የፈረሱ ስም፣ ቀኑ፣ ላብ፣ ጆሮ፣ እርምጃ፣ በቃ። ከደብተሩ አሸናፊ መርጬ የተሳካልኝ ጥቂት ነው፣ «ይሄ ዛሬ አይሆንም» ብዬ የተሳካልኝ ግን ብዙ ነው። ካርድ ለመሙላት ደግሞ ከአስር ፈረስ አራቱን መሰረዝ ቀላል ነገር አይደለም።

ዱባይ ወርልድ ካፕ፣ የሜይዳን ትልቁ ሬስ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው፣ በነሱ ማርች መጨረሻ ቅዳሜ። በነሱው ከ1996 ጀምሮ ይካሄዳል፣ ያኔ ናድ አል ሸባ የሚባለው ሜዳ ላይ ነበር፣ በ2010 ነው ወደ ሜይዳን የዞረው፣ 2,000 ሜትር፣ ሽልማቱ 12 ሚሊዮን ዶላር። እስካሁን ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ተንደር ስኖው ብቻ ነው፣ 2018 እና 2019። ያን ቀን ግን ሰው ይበዛል፣ አጥሩ ጋ መድረስ አይቻልም፣ ለመማር አይሆንም። ስለዚህ የምንሄደው ከዛ በፊት ባለው ተራ ምሽት ነው።

መኪናዎቹ በኛ አቆጣጠር አስር ሰዓት ላይ ከዚሁ አዳራሽ በር ይነሳሉ። ሴቶች ተረከዝ ጫማ አታድርጉ፣ ከፓዶክ ትራክ፣ ከትራክ ፓዶክ ነው ምሽቱን ሙሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ዳማ ባለቦቃ ፈረስ ከገባ ደግሞ እኔን አትጠይቁኝ፣ እስካሁን ዓይኔ አያስችለውም። አመሰግናለሁ።