ጃኬቱ ሲወልቅ

እሺ… ሰላም ናችሁ? ዛሬ ስለ ልጅ ማዘያ ነው። ባለፈው ስለ ጡጦ የጀመርነውን እንጨርሳለን ተባብለን ነበር፣ አውቃለሁ፤ ይቆይ። እዚህ ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ያየሁት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ሎሚ ተራ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ መክረር ሲጀምር። እናትየው የያዘችው ፍሬም ያለውን ማዘያ ነው፤ ያ የተራራ ሻንጣ የሚመስለው፣ ልጁ ከላይ ተቀምጦ በእናቱ ራስ ላይ አሻግሮ የሚያይበት። ልጁ ዓመት አልፎታል። ሎሚ መረጠች፣ ከፈለች፣ አንዷ ሎሚ አምልጣ ተንከባለለች። ልታነሳት ከወገቧ ጎንበስ አለች። ልጁ በትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ ወደ ፊት መጣ፤ እስከ ወገቡ ድረስ ወጥቷል። ሎሚ ሻጯ ናት ደረቱን በሁለት እጇ የያዘችው። «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያለች። ልጁ አላለቀሰም፣ ዓይኑ ሎሚዋ ላይ ነው።

እዚያ የነበርነው ሁሉ ያልናት አንድ ነገር ነው፤ «አትጎንበሺ እህቴ»። «እሺ፣ ሁለተኛ አልጎነበስም» አለች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። ሄደች።

ምክሩ ትክክል ነው። ልጅ አዝለሽ አንድ ነገር ከመሬት የምታነሺው ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ ነው። ግን… ግን ማዘያው ሲሠራ እኮ ሰው እንደሚሰናከል፣ እንደሚጎነበስ ታስቦ ነው የተሠራው። ውስጡ ያለው የልጁ ማሰሪያ ለዚህ ነው። ሁለት ማንገቻ በትከሻው፣ ሁለት በወገቡ፣ አንድ በእግሮቹ መሃል። አምስቱ በትክክል ጠብቀው ቢሆን ጎንበስ ብትልም ልጁ ማንገቻው ላይ ይንጠለጠላል እንጂ አይወጣም።

ስለዚህ እንደገና እንየው። ዘለበቱ ተቆልፏል፣ አልተከፈተም። ልጁ ከተያዘ በኋላም እንደተቆለፈ ነበር። ታዲያ በምን ወጣ?

ጃኬቱ። ከማዘያው ጎን ወፍራም የልጅ ጃኬት በእጅጌው ታስሮ ተንጠልጥሎ ነበር። ያን ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግን አላሰብኩበትም። ከሐረር ነው የወረዱት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ድሬ 1,200 ገደማ። በ55 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ የአየሩን ለውጥ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ሐረር ላይ ልጁን ጃኬት አልብሰሽ ታስሪዋለሽ፣ ማንገቻው በጃኬቱ ላይ ይጠብቃል። ሚኒባስ ውስጥ ታወጪዋለሽ። የደንገጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ሙቀቱ ይመጣል፣ ጃኬቱ ይወልቃል። ድሬ ስትደርሺ መልሰሽ ታስገቢውና ዘለበቱን ትቆልፊያለሽ። ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ ነው የሚያታልለው! ዘለበት መቆለፉን ብቻ ነው የሚነግርሽ፤ የማንገቻው ርዝመት ግን ጠዋት በጃኬቱ ላይ የተለካው ነው። የጃኬቱ ውፍረት በሙሉ ክፍት ቦታ ሆኖ ቀርቷል። ትከሻው በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይወጣል።

ልኩ እንዲህ ነው፤ በማንገቻውና በልጁ ደረት መሃል ሁለት ጣት በጠባቡ ይግባ። እጅ ሙሉ ከገባ ላልቷል። በገባ ቁጥር ይለካል፣ ጃኬት በወለቀ ቁጥር፣ ውፍረት ያለው ልብስ በተለወጠ ቁጥር። ማንገቻው ከጀርባ የሚነሳበት ቦታም በልጁ ትከሻ ልክ መሆን አለበት፤ ልጁ ሲያድግ እሱም ከፍ ይደረጋል። መቀመጫውም እንዲሁ፤ የልጁ አገጭ ፊት ለፊት ካለው ትራስ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። ከዚያ በላይ ከወጣ ክብደቱ ከጠርዙ በላይ ይሆናል፣ ጎንበስ ስትዪ ይገለብጠዋል። የዚያ ልጅ መቀመጫም ከፍ ያለ መሰለኝ፤ ትራሱ ደረቱ ጋ ነበር። ወይስ ሲወጣ ነው ያየሁት? እሱን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከሳቢያን ሰፈር የድምፅ መልዕክት የላክሽልኝ እህቴ፣ «ፍሬም ያለውን ልግዛ ወይስ ለስላሳውን የጨርቅ ማዘያ?» ብለሽ ነበር። መልሱ በየት እንደምትሄጂ ነው። በባጃጅ የምትመላለሺ ከሆነ ፍሬም ያለው ያደክምሻል። ልጁ ከራስሽ በላይ ስለሚሆን እሱን አዝለሽ ባጃጅ አትገቢም፤ በየጉዞው ማውረድ፣ ማውጣት፣ እንደገና ማሰር ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥም እንዲሁ፣ የግቢዎቹ በር ዝቅ ያለ ነው። አንቺ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ታልፊያለሽ፣ የልጁ ግንባር ግን ካንቺ በላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ አታዪውም። ትንሽ የእጅ መስታወት በወገብ ቀበቶው ኪስ ያዢ የምለው ለዚህ ነው።

ፍሬም ያለው የሚጠቅመው ረጅም የእግር መንገድ ላለው ሰው ነው። ሐኪም ተራራ ለምትወጡ፣ ገጠር ለሥራ ለምትሄዱ። እሱንም ልጁ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ሲችል ነው፣ 6 ወር ገደማና ከዚያ በላይ፣ አንገቱ በደንብ የጠና። ከዚያ በፊት በፍጹም።

ክብደቱንም አስሉ። የብዙዎቹ ጣሪያ 22 ኪሎ አካባቢ ነው፣ መመሪያቸው ላይ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ ላይ ልጁ፣ ዕቃውና ማዘያው ራሱ አብረው የሚቆጠሩበት ነው። 11 ኪሎ ልጅ፣ 3.5 ኪሎ ማዘያ፣ 2 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ፣ ዳይፐርና ምግብ 1 ኪሎ፤ 17.5 ሆነ። በድሬ ፀሐይ! ለስላሳው ግን ራሱ ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎ ገደማ ነው።

ስትሸከሚውም ቅደም ተከተል አለው። መሬት ላይ አቁሚው፤ መቆሚያ እግሩ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ይቆለፍ፣ ኮብልስቶን ላይ ሳይሆን ደልዳላ ቦታ። ልጁ ውስጥ ሆኖ እጅሽን ከማዘያው ላይ አታንሺ፤ መቆሚያው ወንበር አይደለም። በጉልበትሽ ዝቅ ብለሽ፣ ከላይ ያለውን እጀታ ይዘሽ ጭንሽ ላይ ታሳርፊዋለሽ፣ ከዚያ አንድ ትከሻ፣ ከዚያ ሌላው። መጀመሪያ የሚጠብቀው የወገብ ቀበቶ ነው፤ ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንት ላይ። ከዚያ የትከሻ ማንገቻው፣ በመጨረሻ የደረቱ። ትከሻውን ቀድማ የምታጠብቅ ሴት ማታ አንገቷን ይዛ ታድራለች፤ ሸክሙን መያዝ ያለበት ዳሌ ነው።

ከታይዋን ገበያ ያገለገለ ማዘያ ለምትገዙ ደግሞ፣ ጨርቁን ሳይሆን የእግር ቀዳዳውን እዩ። ኦስፕሬይ ፖኮ የሚባለው፣ ከ2012 እስከ 2014 የተሠራው፣ ትንሽ ልጅ በእግር ቀዳዳው ሊሾልክ ይችላል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ በ2016 ለእርማት ተጠርቷል፤ ኩባንያው ተጨማሪ የመቀመጫ ትራስ በነፃ ሰጥቷል። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እንዲህ ያለው ያገለገለ ዕቃ ዓለምን ዞሮ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው፤ ትራሱ አብሮ መጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። ባንዱ ኩባንያ ብቻ አይደለም፣ የየትኛውንም ማዘያ የጎን ማጥበቂያ ስባችሁ ቀዳዳው በጭኑ ልክ ይጥበብ። ፀሐይ ላይ የቆየ ዘለበትም በጥፍር ሲነካ ነጭ ጭረት ካወጣና ከተሰነጠቀ ተዉት።

ስለ ፀሐይ ካነሳን፣ የፍሬሙ ብረትና ዘለበቱ ውጭ ከቆየ የልጅ ጭን ያቃጥላል። በእጅ ጀርባ ሳትነኩ አታስገቡ። የጥላው ጣሪያም ፀሐይ ይከልላል እንጂ ሙቀት አይከለክልም፤ የልጁን ማጅራት ዳስሱ፣ ከረጠበና ከጋለ ጊዜው ደርሷል፣ አውርዱት።

አንዲት እናት እዚያው ከፊራ «አንቀልባ ምን አደረገ?» አለች። እውነቷን ነው። ያ ዛጎል የተደረደረበት ቆዳ የልጁን ጭን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን ከመቀመጫው ከፍ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ የሕፃን ዳሌ የሚፈልገውም ይኼንኑ ነው። ፍሬም ያለው ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ እንዳይደነዝዝ እርካቡን ማስተካከል አለብሽ። አንቀልባ ላይ ልጁ ከጀርባሽ ይጣበቃል፣ ቢንሸራተት ወዲያው ይሰማሻል። የፍሬሙ ልጅ ግን ካንቺ ይርቃል። ሲወጣ አልተሰማትም፤ እጇ ሎሚዋ ላይ ነበር።

ወደዚያው ተመለስኩ።

የሚያስጨንቀኝ… እሷ «አልጎነበስም» ብላ ነው የሄደችው። ጥፋቱን ጀርባዋ ላይ ነው ያደረገችው። ማንገቻውን ማንም አልነካውም። ልጁን መልሳ ስታስገባው ያንኑ ዘለበት ቀጭ አደረገችው፣ ሁላችንም ሰማነው፣ እፎይ አልን። ጃኬቱ እዚያው ጎኗ እንደተንጠለጠለ ነው። ማታ ሐረር ስትመለስ ብርድ ነው፣ ታለብሰዋለች፣ ይጠብቃል። በማግስቱ ደግሞ ከወረደች…

ሎሚ ሻጯን ጠየቅኳት፤ «ደንበኛዬ አይደለችም፣ አላውቃትም» አለችኝ። የሐረር ሰዎች፣ ሰማያዊ ማዘያ ነው፣ ጃኬቱ ቢጫ። ካያችኋት… እንግዲህ፣ ሁለት ጣት በሏት። ወይም… አላውቅም፣ እናንተ እንዴት እንደምትነግሯት።