መጀመሪያ ድልድዩን

እንደምን አደራችሁ!

የጋበዙኝ ወጣቶች «ስለ ማኅበራዊ ፈጠራ ይናገሩልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። የኅብረተሰብን ችግር በአዲስ ዘዴ መፍታት ማለታቸው ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አሁን ሐዋሳ ውስጥ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ያለ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ስም መጥራት፣ መዋጮ መመዝገብ፣ የተሰበረ ወንበር መቁጠር ነው። እዚህ ውስጥ ፈጠራው የቱ ጋ ነው? አድሬ ሳስበው ግን ሰው አልተሳሳቱም አልኩ። ትዕቢት አይምሰላችሁ።

አንድ ቃል ልግባላችሁ። «ድር ቢያብር» የሚለውን ተረት አልናገርም። በየስብሰባው ሰምታችሁታል። አንበሳውም መታሰር ሰልችቶታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ወደ እድራችን መጣ። ስሙ ይቅር፤ ልጆቹ ጥሩ ልጆች ነበሩ። መዋጮ የሚመዘግብ መተግበሪያ ሠርተው፣ ታብሌት ጭምር ሰጡን። አጨበጨብን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ቆሎና ለስላሳ ቀረበ። በሦስተኛው ወር ታብሌቱ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ዛሬም ከድንኳኑ ጋር ስቶር ውስጥ ነው። ለምን? መዝገብ መያዝ ችግራችን አልነበረማ! በእኔ ደብተር አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም። ችግራችን ሌላ ነበር፤ የጠየቀን ግን የለም።

ችግሩ ይኼ ነው። አንዲት እናት፣ የቆዩ አባላችን፣ ታመው ተኙ። የመድኃኒት ገንዘብ አጡ። የእድሩ ካዝና ውስጥ ገንዘብ አለ። ደንባችን ግን «ለቀብር» ይላል። ሲሞቱ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ገንዘቡም ለልጆቻቸው ተሰጠ። ከቀብር መልስ አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ «በቁማቸው ብንሰጣቸው ምን ነበረበት?» አለ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

ክርክሩ አምስት ስብሰባ ፈጀ። «ሁሉም ታመምኩ ቢልስ?» ያለ ነበር። «ገንዘቡን ጨርሳችሁ እኔን በምን ልትቀብሩኝ ነው?» ያሉ አዛውንትም ነበሩ። እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ አንድ አንቀጽ ጨመርን። የታመመ አባል ይበደራል፤ ሁለት ጎረቤቶቹ ይመሰክሩለታል። ጎረቤት ደግሞ ማን እንደታመመና ማን እንደሚያስመስል ከሐኪም ቀድሞ ያውቃል። አንቀጿ ግማሽ ገጽ አትሞላም። ማኅበራዊ ፈጠራ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ሳይጠይቁ መስጠት በእኛ ሰፈር አልተጀመረም። በደቡባዊ አፍሪካ ፕሌይፓምፕ የሚባል ነገር ነበር። ልጆች የሚጫወቱበት መሽከርከሪያ ነው፤ ሲዞር ከጉድጓድ ውሃ ይስባል። ሐሳቡ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቃል ተገባለት። ልጅ ግን ይደክመዋል። በኋላ የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ሒሳቡን ሠራው። ለታሰበው ሰው ሁሉ ውሃ እንዲደርስ ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው! መሽከርከሪያውን ሲገፉ የተገኙት እናቶች ናቸው።

አሁን ወደ ቅርባችን ልምጣ። ከምባታ ከሐዋሳ ሩቅ አይደለም። ቦጋለች ገብሬ አሜሪካ ተምረው ወደ ትውልድ ቀያቸው ሲመለሱ ሊያስተምሩ ያሰቡት ስለ ኤችአይቪ ነበር። ሕዝቡ ግን እኛ የቸገረን ድልድይ ነው አላቸው። ልጅ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ መሻገር አልቻለም። ሌላ ሰው ቢሆን «በጀቴ ውስጥ ድልድይ የለም» ብሎ ይሄድ ነበር። እሳቸው መጀመሪያ ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። ከዚያ ስለ ኤችአይቪም፣ ስለ ሴት ልጅ ግርዛትም ሲናገሩ ሰሚ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ያቋቋሙት ኬኤምጂ የተባለው ድርጅት በየመንደሩ ሰው ያወያይ ነበር። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ የተዳረችበት ሠርግም ታየ። ሴት ሆና ያልተገረዘች እምብዛም በማትገኝበት አካባቢ፣ ከዓመታት በኋላ የሚገረዙት ቁጥር ከመቶ ሦስት በታች መውረዱ ተዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዐረፉ። እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ያ ድልድይ ነው ከሐሳቤ የማይጠፋው።

ሐይቃችንስ? ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ ያልበላ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ትርፍራፊ እየጠበቀ አጠገባችሁ ሲቆም እዚያ የቆሙትን አጥማጆች ጠይቁ። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ያላደገ የቆሮሶ ዓሣ እንደሚጨርስ ከማንም በላይ ያውቃሉ። «እኔ ብተወው ሌላው ያወጣዋል» ነው ጣጣው። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት ዕድሜዋን እንዲህ ያለውን ነገር ስታጠና ኖረች። የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ መስኖ፣ የጋራ ዓሣ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ያገኘችው ምንድን ነው? ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ ሲያወጡ፣ ራሳቸው ሲጠባበቁ፣ ቅጣቱም ከትንሽ ጀምሮ ከፍ እያለ ሲሄድ፣ የጋራ ሀብት ለብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል። ስሰማው ሴትዮዋ እድር ገብታ የምታውቅ መሰለኝ።

እድርን ግን አላሞካሸውም። እኛም ያላየነው አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በብዙ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለሥራ ወደ ከተማችን መጥተዋል። በኛ ሰፈርም ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እድራችን ቤት ያለውን እንጂ ተከራይ አይመዘግብም። አንዷ ብትታመም ማን ይመሰክርላታል? ብትሞትስ ጡሩንባ ማን ይነፋላታል? በሁለት ስብሰባ አንሥተነው መልስ አላገኘንለትም። ዛሬ በወር አንድ ጊዜ አዋጪ ብንላት፣ ነገ ሥራ ቀይራ ብትሄድስ? መልሱ ከእኔ ዕድሜ ሰዎች የሚመጣ አይመስለኝም። ከተከራዮቹ ልጆችም ጋር ገና አልተነጋገርንም። መጀመሪያ እነሱን መጠየቅ ነበረብን፤ እኛም ታብሌት እንደሰጠን ድርጅት ሆንን ማለት ነው።

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን። ይኼው ጉዳይ አጀንዳ ነው፤ ከተከራዮቹም አራቱን ጋብዘናል። የምትችሉ ኑ፤ ከኋላ ወንበር አለ። ታብሌት አታምጡ፣ አንድ አለን። ያረፈደ ይቀጣል፤ ለእንግዳም አንራራም።