ሜዮን ያሸነፈው እርግማን አይደለም

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድምና እህቶቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከዚሁ ከአየርላንዱ ሜዮ ክልል ከተሞች፣ ከባሊሆኒስም ከካስልባርም ከባሊናም የመጣችሁ አላችሁ። በዚህ ጨለማና ዝናብ ልጆች ይዞ መውጣት ቀላል አይደለም። እግዜር ይስጥልን።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ሥራ አጭር ነው። ዘንድሮ በየሰፈሩ ክለብ ጌሊክ እግር ኳስ፣ ይህን የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታ፣ ሲጫወቱ ለከረሙት ልጆቻችን "እንኳን ደስ አላችሁ" በል ተብያለሁ። ልጆቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! አረንጓዴና ቀዩን የሜዮ ማሊያ ለብሳችሁ ሳያችሁ ኮራሁባችሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። በቀደም ከልጆቻችን አንዱ ጓደኛውን "እኛ እኮ የተረገምን ነን፤ ምንም ብናደርግ አናሸንፍም" ሲለው ሰማሁት። ገና ትንሽ ልጅ ነው። ይህን ከራሱ አላመጣውም። ከትልልቅ ሰዎች ነው የሰማው፤ እኛም አለንበት።

ወሬውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። በ1951 ሜዮ የመላ አየርላንድን ዋንጫ፣ ሳም ማጓየርን፣ ይዞ ሲመለስ ፎክስፎርድ የምትባል ከተማ ላይ ቀብር ነበር ይባላል። ተጫዋቾቹ ቆመው ሐዘኑን ሳያከብሩ በጭፈራ አለፉ ይባላል። ቄሱም ተቆጥተው "ከዚህ ቡድን አንድ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ሜዮ ዋንጫውን አያነሳም" ብለው ረገሙ ይባላል። ሁሉም ይባላል ነው። የሚጨበጥ ነገር ያመጣ ሰው አላየሁም።

እሺ፣ እውነት ነው እንበል። ከዚያ ቡድን የመጨረሻው ሰው ፓዲ ፕሬንደርጋስት በመስከረም 2021 በ95 ዓመታቸው አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ቃሉ ቃል ከሆነ እርግማኑ ያን ቀን አብቅቷል። 2022 መጣ፣ ዋንጫ የለም። 2023 መጣ፣ የለም። 2024ም እንዲሁ። ታዲያ እርግማኑ የት ገባ? ማነው አሁን የሚያስረግመን? እስቲ ንገሩኝ!

እኔን የሚያንገበግበኝ ወሬው ውሸት መሆኑ ብቻ አይደለም። የልጆቹን ሥራ ስለሚቀማ ነው። ሜዮ ከ1989 ወዲህ 11 የፍጻሜ ውድድሮች ላይ ተሸንፏል። ከእነዚህ ውስጥ 1996፣ 2013፣ 2016 እና 2017 የተሸነፈው በአንድ ነጥብ ነው። ጎል ሦስት ነጥብ በሚቆጠርበት፣ ያኔ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ኳስ ሁሉ አንድ ነጥብ ታስገኝ በነበረበት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ ማለት ምን እንደሆነ ልጆቹ ያውቁታል። ለዚህች አንዲት ነጥብ ደግሞ ሁልጊዜ ምክንያት ነበራት። ምክንያቱ ስምና ሰዓት አለው።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ገና ወደዚህ ከተማ ስመጣ፣ ሰው በማላውቅበት ጊዜ፣ በራቸውን ከፍተው ሻይ ያቀረቡልኝ እሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሜዮን ሲደግፉ ኖረዋል። ሽንፈቶቹን አንድ በአንድ ይቆጥሩልኛል። አንድም ቀን ግን እርግማን የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

1996ን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። በፍጻሜው ሜዮ የሚዝን ክልል ቡድን ስድስት ነጥብ ሲመራ ቆይቶ ነበር። ሚዞች እየተጠጉ መጡ። በመጨረሻ ኮልም ኮይል ከሩቅ የለጋት ኳስ መሬት ላይ ነጥራ ከአግዳሚው በላይ አለፈች። አቻ። ድጋሚው ጨዋታ ደግሞ ገና ሳይሞቅ በቡጢ ተበጠበጠ፤ ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ወጣ። ከሚዝ ኮይል፣ ከሜዮ ሊያም ማክሄል። ማክሄል የመሀል ሜዳው ምሰሶ ነበር። ልውውጡ እኩል አልነበረም ይሉኛል ጎረቤቴ፣ ትናንት የሆነ ያህል ተቆጥተው። 15 ለ14 አለቀ።

2013ን እኛም አንረሳውም፤ ሁለት ጊዜ ነዋ ያለቀስነው። መስከረም 22 ደብሊን ሜዮን 18 ለ17 አሸነፈ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሁለት ነጥብ ሲቀረን ኪሊያን ኦኮነር ቅጣት ምቱን ወደ ነጥብ መታው። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። ልክ በሦስት ሳምንቱ፣ ጥቅምት 13፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ተጫወቱ። በኃይሉ አሰፋ አስቆጥሮ ጨፍረን ነበር። ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ መጨረሻ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ1 አደረገው። ጎረቤቴ ማታውን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እንዴት ነህ ብለው አልጠየቁኝም። ያውቁታል።

ከሁሉም ግን ሊመሪክ አለ። ሊመሪክ! እዚህ ስለሆንኩ ልናገረው።

ነሐሴ 2014 በግማሽ ፍጻሜ ሜዮና ኬሪ ክሮክ ፓርክ ላይ አቻ ወጡ። በስድስት ቀን ውስጥ ድጋሚ መጫወት ነበረባቸው። የት ይሁን? ክሮክ ፓርክ ነዋ፣ ከ82 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው፣ የዚህ ጨዋታ ዋና ቤት። የለም ተባለ። ለምን? ያን ቅዳሜ ከአሜሪካ የመጡ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወቱበታል። ሜዳው ተሰጥቷል። የራሱን ልጅ ሠርግ ጎረቤት ግቢ የሚደግስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው የሆነው። የአየርላንድ ጨዋታ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ ሊመሪክ ተላከ። ሊመሪክ ደግሞ የኬሪ ጎረቤት ነው፤ ድንበራቸው አንድ ነው።

በማለዳ ተነሥተን በሁለት መኪና ሄድን። ጎረቤቴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ሳንድዊቹ በወረቀት ተጠቅልሎ። ጎልዌይን እስክናልፍ ስለ ሜዳው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ ጀመሩ። እነዚህ ልጆች ደመወዝ የላቸውም አሉኝ። አስተማሪ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ተማሪ አለ። ማታ ማታ ከሥራ ወጥተው በዝናብ ይለማመዳሉ፤ ሰኞ ተመልሰው ሥራ ይገባሉ። ሌላ ክልል ከፍሎ አይወስዳቸውም፣ የተወለዱበትን ነው የሚጫወቱለት። ታዲያ ልንከፍላቸው የምንችለው አንድ ነገር ክብር ነው፤ እሱንም ነፈግናቸው አሉ።

ጨዋታውን የተመለከታችሁ ታስታውሳላችሁ። ኪሊያን ኦኮነርና ኤይደን ኦሼ፣ ሁለቱ ትልልቅ ልጆቻችን፣ እርስ በርስ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተው ወደቁ። ጭንቅላት ታሽጎ ሲጫወት አየን። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። ኬሪ 25፣ ሜዮ 22። ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኛችን ጄምስ ሆራን በቃኝ አለ። አጠገቤ አዋቂ ሰዎች ያለቅሱ ነበር። ጎረቤቴ አላለቀሱም። ቡድኑ ስለተሸነፈ አልነበረም የተናደዱት፤ ቤታቸውን ለእንግዳ ስለሰጡባቸው ነው። ኬሪ ጎበዝ ቡድን ነው፣ ዋንጫውንም ያን ዓመት ወሰደ፣ ይገባዋል። ግን ያን ውሳኔ የወሰነው ሰው ነው! በስብሰባ፣ በቀን ብርሃን፣ በወረቀት! የትኛው ቄስ ነው ፎክስፎርድ ላይ ሆኖ ያንን የፈረመው?

እርግማን ስንል የምናድነው እነዚህን ወሳኞች ነው። ጥያቄ እንዳይጠየቁ። ልጆቻችን ደግሞ ሳይሞክሩ ተስፋ እንዲቆርጡ።

2016ም የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ሜዮ ሁለት ጎል በራሱ ላይ አስቆጥሮ እንኳ ከደብሊን ጋር አቻ ወጣ። ይህ የተረገመ ሰው ሥራ ነው? በድጋሚው በረኛ ተቀየረ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፣ በአንድ ነጥብ ወደቅን። 2017 ዲን ሮክ በጭማሪ ሰዓት ቅጣት ምት መትቶ 20 ለ19 አደረገው። ያ የደብሊን ቡድን ከ2015 እስከ 2020 ስድስት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደ ነው። እንዲህ ካለ ቡድን ጋር እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አንገት ለአንገት መያዝ ያኮራል።

2020ን ባዶ ስታዲየም ነበር፣ በታኅሣሥ፣ በኮሮና። 2021 ደብሊንን በግማሽ ፍጻሜ ጥለን በታይሮን ተሸነፍን። እነዚህን ሌላ ቀን እናወራለን፣ ልጆቹ ርቧቸዋል።

እናቶችና አባቶች፣ አንድ ነገር ነው የምለምናችሁ። ልጅ "ለምን ተሸነፍን?" ብሎ ሲጠይቃችሁ የኮይልን ኳስ ንገሩት። የኦኮነርንና የኦሼን ግጭት ንገሩት። ሊመሪክን ንገሩት። ያን የፎክስፎርድ ወሬ ግን በቤታችሁ አታስገቡት።

ጥር መጨረሻ ላይ ሊጉ ይጀመራል። ማክሄል ፓርክ ሜዮ በሜዳው የሚጫወት ቀን ሁሉ ልጆቹን ይዘን እንሄዳለን። መኪናችሁ ውስጥ ትርፍ ቦታ ያላችሁ ዛሬውኑ ስማችሁን ለአዘጋጆቹ ስጡ። በሉ፣ አሁን ልጆቹ ወደ መድረኩ ይምጡ፤ ከትንንሾቹ እንጀምር።